ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄዱ ልጆች

በዓለም ላይ ያሉ ሕዝቦች በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በአለባበስ ቢለያዩም ብዙዎቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ይኸውም በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወይም አንድ ማታ ለይተው ልጆቻቸው በቡድን ሆነው ከቤት ወደ ቤት እንዲዞሩ፣ እንዲዘፍኑና የሚበላ ነገር እንዲቀበሉ መፍቀዳቸው ነው። በእኛ አገር ይህ ጊዜ የነሐሴ 12 ማታና የነሐሴ 13 ቀን፣ የደብረ ታቦር በዓል፣ በሕዝብ አነጋገር ቡሄ የምንለው ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ፣ ዛሬም ከሁሉ ይልቅ በአሜሪካ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን ማታ ሲሆን ስሙ ሃሎዊን ይባላል። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥቅምት 20 ይሆናል። ጥቅምት 21 ደግሞ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ስለ ሆነ፣ እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማታ ልጇ የአጽም ሥዕል ያለበት ልብስ ለብሶ ወደ ጭፈራ ቤት የሚሄድበት ቤት በአዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ዛሬ በመርካቶ ሚናሌሽ ተራ አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው፣ ልጁ የገዛውን የጎማ ጭምብል በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ይህ የሠለጠነ ሰው ጨዋታ ነው ወይስ የሰይጣን ሥራ? እርስዎ በፈረንጅ ትምህርት ቤት ስላደጉ ያውቁታል» ሲል ጠየቀኝ። በአንድ ቃል መልስ ሰጥቶ ማሰናበት ቀላል ነበር። ዳሩ ግን አንድ ልማድ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ከመባሉ በፊት ከየት እንደ መጣ፣ ሲሠራበትም ምን ጥቅም ይሰጥ እንደ ነበር መመርመር ይገባል። እናንተ ወጣቶችም ይህን መንገድ እንድትለምዱት ስለምሻ ለእርሱ የነገርሁትን ጥቂት አስፍቼ እጽፋለሁ።

ሃሎዊን የሚለው ስም ራሱ የክርስቲያን ስም ነው፤ ትርጓሜውም የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ሆኖ በ9ኛው መቶ ዓመት ተስፋፋ። ቆይቶም በማግስቱ ያለው ቀን ለሙታን ነፍስ የሚጸለይበት ቀን ሆነ። ከዚያ አስቀድሞ ግን በአየርላንድና በስኮትላንድ ይኖሩ የነበሩት ኬልቶች በዚያው ሰሞን ሳዊን የሚባል በዓል ነበራቸው። መከሩ ተሰብስቦ፣ ከብቱ ከግጦሽ ወደ በረት ገብቶ፣ ጨለማውና ብርዱ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። በዚያች ሌሊት የሙታን መናፍስት በሕያዋን መካከል ይመላለሳሉ ብለው ያምኑ ስለ ነበር እሳት ያነድዱ ነበር። በኋለኛውም ዘመን መናፍስቱ እንዳይለዩአቸው መልካቸውን ለውጠው ይወጡ እንደ ነበር ይተረካል።

በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ በእንግሊዝ አገር ድሆችና ልጆች በዚያ ሰሞን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «የነፍስ ዳቦ» የሚባል ትንሽ እንጎቻ ይቀበሉ ነበር። ስለ ተቀበሉትም ዳቦ ለሰጪው ቤት ሙታን ይጸልዩ ነበር። በስኮትላንድ ደግሞ ልጆች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፣ የአባታቸውን አሮጌ ኮት ገልብጠው ለብሰው በየቤቱ ይገባሉ። ሆኖም አንድ መዝሙር ሳይዘምሩ ወይም አንድ ግጥም በቃላቸው ሳይወጡ ለውዝም ሆነ ፖም አያገኙም። በተማርሁበት ትምህርት ቤት የነበሩ አንዲት የስኮትላንድ ተወላጅ መምህርት፣ በልጅነታቸው ከቀይ ሥር የሚበልጥ ትልቅ የአትክልት ሥር በማንኪያ ፈልፍለው፣ ዓይንና አፍ አውጥተውለት፣ ሻማ ከትተውበት ይዞሩ እንደ ነበር ነግረውናል። እጃቸው ቁስል እስኪሆን መፈልፈላቸውን ሲያወሩ እኛ የጎጃምና የሸዋ ልጆች እንስቅ ነበር፤ ምክንያቱም የጅራፍ ገመድ ስንገምድ የእኛም እጅ እንዲሁ ይሆን ነበር።

ይህን ልማድ ወደ አሜሪካ የወሰዱት በ19ኛው መቶ ዓመት በረኃብና በድህነት ምክንያት የተሰደዱት አየርላንዳውያንና ስኮትላንዳውያን ናቸው። እዚያም ያንን ጠንካራ ሥር ትተው ለመፈልፈል የሚቀለውን ዱባ ያዙ። ነገር ግን በባዕድ አገር፣ በትልልቅ ከተሞች፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ቦታ ልማዱ ባሕርዩን ለወጠ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በዚያች ማታ ጎረምሶች አጥር ያፈርሱ፣ መስኮት ይሰብሩ፣ የመንገድ መብራት ያጠፉ ነበር። የከተማ ሹሞችና የሠፈር ማኅበሮች ይህን ጥፋት ለማብረድ ልጆቹን በጣፋጭ ነገር መደለል ጀመሩ። ዛሬ የአሜሪካ ልጆች በየደጁ የሚሉት ቃል «ወይ ጣፋጭ ስጡን ወይ ተንኮል እንሠራባችኋለን» የሚል ትርጓሜ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር በራሽን ስለ ተሰጠ ልማዱ ቀዘቀዘ፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ከመቼውም ይልቅ በረታ። እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም፤ ከ1950 ጀምሮ አንዳንድ የአሜሪካ ልጆች በዚያች ማታ ለራሳቸው ከረሜላ ብቻ ሳይሆን ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ለዩኒሴፍ፣ ሳንቲም በሣጥን መሰብሰብ ጀምረዋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ በዚያም መልኩ በፊታቸው ተለወጠ። ያ ተራራ ታቦር እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። አባቶች ሲተርኩ፣ በዚያ ዕለት በተራራው ዙሪያ የነበሩ እረኞች ብርሃኑን አይተው ገና ቀን ነው በማለት ከብቶቻቸውን ይዘው ሳይገቡ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጉአቸው ወጡ ይላሉ። ይህን ትረካ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የበዓሉ ምልክት የሆኑት ችቦና ሙልሙል ዳቦ ሁለቱም መምጫቸው በጨለማ ከውጪ የቀረ ልጅን ለመፈለግ ከወጣ ወላጅ እጅ ነው። የጅራፉም ጩኸት የነጎድጓዱን ድምፅ፣ ያም የአብን ድምፅ ያስታውሳል ተብሎ ይተረጐማል። ቡሄ የሚለውን ስም አንዳንዶቹ ከብርሃንና ከገላጣነት፣ ሌሎቹ ከቡሆ፣ ማለት ከሊጥ ጋር ያያይዙታል። ለልጅ ሁለተኛው ሳይጣፍጠው አይቀርም።

የእኛ ልማድና የእነርሱ ልማድ በዳቦ፣ በእሳትና በዘፈን መመሳሰሉ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለት ስሕተት ነው። ገበሬ በሚኖርበት አገር ሁሉ ጎተራ አለ፤ ጎተራ ባለበት ደግሞ የሚጠይቅ ልጅ አለ።

ሆያ ሆዬ የጨዋታ ስም ይሁን እንጂ ጠንካራ ሥርዐት ያለው ነገር ነው። አንድ አውራጅ አለ፤ ድምፁ የሚያምር፣ ቃል የማይጠፋበት፣ የባለቤቱን ስም የሚያውቅ ልጅ ነው። ሌሎቹ ተቀባዮች ክብ ሠርተው በዱላቸው መሬቱን እየደሰቁ ይቀበሉታል። ከረጢቱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ታላቅ የሆነው ነው፤ ተካፍሎ እስኪያበቃም አደራው በእርሱ ላይ ነው። ልጆቹ ከደጃፍ ሆነው ይዘፍናሉ እንጂ ሳይጠሩ ዘው ብለው አይገቡም። ዱላውም ለማድመቂያ ብቻ አልነበረም፤ በጭለማ ከየአጥሩ ሥር ለሚወጣው ውሻ መከላከያ ነበር። ዳቦው ሲሰጥ ይመርቃሉ፤ በዚህ ምርቃት ቤቱ፣ ከብቱና ልጁ ሁሉ ይነሣል። የማይሰጥ ንፉግ ሲገኝም በዘፈኑ ውስጥ የሚሸነቁጡበት ቃል አላቸው፤ ይህ ብቻ ከአሜሪካኖቹ ዛቻ ጋር ጥቂት ይቀራረባል፤ ነገር ግን ከቃል አያልፍም። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ደግሞ ተራው የሴቶቹ ልጆች ነው። እነርሱ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው፣ አበባዬ ሆሽ እያሉ በጠራራ ፀሐይ ይዞራሉ። ወንዶቹም በቀለም የሣሉትን ሥዕል ለታላላቅ ሰዎች ያበረክታሉ። በዚህ ሁሉ ልጁ የሚቀበለው አንድ ነገር ከሰጠ በኋላ ነው፤ ዘፈን፣ ምርቃት፣ አበባ ወይም ሥዕል። የስኮትላንዱ ልጅም እንዲሁ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ከደጅ ወደ ደጅ በመሄድ የኖረው የአገራችን ልጅ የቆሎ ተማሪ ነው። ይህ ልጅ የሚዞረው በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ብዙ ሕፃናት በ7 ወይም በ8 ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፣ ስማቸውን ከሚያውቅ ሰው ርቀው፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመኑ ዳዊትና ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምረዋል። ልብሱ ከበግ ቆዳ የተሠራ ደበሎ ነው፤ የቁራሹ ማኖሪያ አኩፋዳ ይባላል፤ በእጁ የውሻ መከላከያ ዱላ ይይዛል። ደብረ ታቦርም ዋና በዓሉ ነው፤ በየመንደሩ በበዓሉ ስም እህል ለምኖ፣ ጠላ አስጠምቆ፣ ዳቦ አስጋግሮ በዚያች ቀን እንደ ሌላው ልጅ ጠግቦ ይውላል። ደበሎው ለእርሱ ከብርድ መጠለያ ብቻ አልነበረም። ባለደበሎ የሆነ ልጅ ባላገሩ ከሩቅ ሲያየው ተማሪ መሆኑን ያውቃል፤ ውሻውን ያስርለታል፣ ከዝናብ ያስጠልለዋል። ስለዚህ ይህ ልብስ ልጁን የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም ከውሻ ንክሻ፣ ከወባና ከተስቦ የጠበቀው አልነበረም፤ ወጥተው ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው።

አሁን ስለ መርካቶ ልናገር። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማስፈር ባወጡት ፕላን መሠረት ያገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ቦታውም አዲስ ከተማ ተባለ። መርካቶ የሚለው ስም ከእነርሱ ቋንቋ የቀረ ነው፤ ትርጓሜውም ገበያ ማለት ነው። ለመለየት የተሠራው ሠፈር ግን የአገሪቱ ሕዝቦች ሁሉ የሚገናኙበት ሆነ። ጉራጌው፣ ሸማኔው ዶርዜ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ የየመን ዐረቡ በአንድ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈቱ። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመው የቅዳሴውና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ሰማይ ይሰማል።

በእንዲህ ያለው ሠፈር ሆያ ሆዬ ምን ዓይነት እንደ ነበር ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ በአንድ የመርካቶ ትምህርት ቤት ማስተማር ስጀምር ከተማሪዎቼ መካከል ከሁሉ የሚበልጠው አውራጅ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ የቡሄ ዕለት ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ዳቦውን በቅርጫት አስመጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ለበዓሉ ሃይማኖታዊ ትርጓሜ አላመነበትም፤ ልጁን ግን አልከለከለውም፤ የጎረቤቶቹንም ልጆች ባዶ እጃቸውን አልሰደደም። ደርግ የሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን ጨዋታው ከማታ ወደ ከሰዓት በኋላ ተገፋ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከጥይት ለማዳን ደጃቸውን በጊዜ ይዘጉ ነበር፤ ችቦውም በአንዳንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ይበራ ነበር። በዚያ ዘመን ግን በመርካቶ ሙልሙል አልጠፋም።

ትልልቅ ሰዎችስ? በአሜሪካ ዛሬ ለሃሎዊን ልብስ የሚገዙት ልጆች ብቻ አይደሉም። ትልልቆቹም ዳኛው እንደ ወንበዴ፣ ጸሓፊዋ እንደ ጠንቋይ ለብሰው ያመሻሉ። የእነርሱ ጭምብል ዋና ጥቅም ሰውየውን መደበቅ ነው። በእኛ አገር ግን የክብር ልብስ የሚለበሰው ለመታየት ነበር። የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ የሚደፋ፣ ለምድ የሚደርብ ሰው በጦር ሜዳ ወይም በአደን ጀግንነቱ የታወቀለት፣ ከንጉሥ ወይም ከጌታው የተሸለመ ሰው ነበር። ያለ ማዕርጉ የለበሰ ቢኖር በአደባባይ ያፍራል። የአምስቱ ዓመት አርበኞች በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ጎፈራቸውን ደፍተው ሲወጡ ከእያንዳንዱ ጎፈር በስተኋላ የተዋጋበት ተራራና የሞተበት ወንድም ነበር። ዛሬ በዓድዋ በዓል፣ በየካቲት 23፣ ወጣቶች ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ከሰው ሠራሽ ጠጕር የተሠራ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ይወጣሉ። ልብሱንም በመርካቶና በሽሮ ሜዳ ይገዙታል ወይም ለአንድ ቀን ይከራዩታል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ይቈጣሉ። እኔ አልቈጣም። ወጣቱ በ1888 ዓ.ም. ማን ከየት ተነሥቶ ስንት ወር በእግሩ ተጕዞ ዓድዋ እንደ ደረሰ ከጠየቀ፣ የተከራየው ጎፈር የትምህርት ቤት ወንበር ሆነለት ማለት ነው። ካልጠየቀ ግን በእርሱና የጎማ ጭምብል በለበሰው መካከል ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው።

እኔን የሚያስቈጣኝ ሌላው አለባበስ ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይም እንደ መርካቶ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ሳይመነኩሱ ቆብ ደፍተው፣ ሳይማሩ ደበሎ ለብሰው፣ ዣንጥላ ዘርግተውና የቅዱሳን ሥዕል ይዘው ለማያውቁት ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ለጭፈራ ጭምብል የሚያደርገው ጎረምሳ ማንንም አያታልልም፤ ጭምብሉ ጭምብል መሆኑ ይታወቃል። እነዚህ ግን ያንን ከሩቅ ሲታይ ውሻ የሚያሳስረውን፣ በር የሚያስከፍተውን ልብስ ሰረቁት። በዚህ ምክንያት ሰው ባለደበሎ ሲያይ ይጠራጠራል፤ እውነተኛው ሕፃን ተማሪም ዝናብ እየመታው ከደጅ ይመለሳል።

አሁን ወደ ልጆቹ ደኅንነት ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አሜሪካኖች በዚህ ነገር ብዙ ተጨንቀዋል፤ ከጭንቀታቸውም የምንማረው አለ። በ1974 በቴክሳስ ግዛት አንድ ሰው የሕይወት ዋስትና ገንዘብ ፈልጎ ለገዛ ልጁ በሃሎዊን ማታ መርዝ ያለበት ጣፋጭ ሰጥቶ ገደለው፤ በ1984ም በሞት ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ የማይታወቅ ሰው ለልጆች መርዝ ይሰጣል የሚል ፍርሃት በአገሩ ሁሉ ነገሠ። ጆኤል ቤስት የሚባል የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የብዙ ዓመታት ጋዜጦችን ፈትሾ፣ የማይታወቅ ሰው ያገኘውን ልጅ ሁሉ ለመጉዳት በመረዘው የሃሎዊን ጣፋጭ ልጅ መሞቱ የተረጋገጠበት አንድ ታሪክ እንኳ አላገኘም። የቴክሳሱም ልጅ ገዳይ አባቱ ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ ልጆቹን በእውነት ይገድል የነበረው ሁሉም የሚያየው መኪና ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት የ42 ዓመት ቍጥር መርምሮ፣ በሃሎዊን ማታ እግረኛ በመኪና የመሞቱ አደጋ በዚያው ሰሞን ካሉት ሌሎች ማታዎች በመቶ 43 እንደሚበልጥ አሳየ፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ እጅግ ይብሳል። ወላጆቹ ከረሜላውን አንድ በአንድ ሲመረምሩ መንገዱን ዘነጉት።

በአዲስ አበባም በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ቡሄ ደግሞ በነሐሴ ወር፣ በጭጋግና በዝናብ መካከል ይውላል፤ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጥቂት አልፎ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ በወረደበት መስተዋት ውስጥ የሚመለከት ሹፌር ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሕፃን አይታየውም። በቀድሞ ዘመን ልጆች የሚዞሩት በሰፈራቸው ውስጥ ስለ ነበር ከሚያሰጋቸው ነገር ዋናው ውሻና ቦይ ነበር። ዛሬ ዳቦው በገንዘብ ስለ ተለወጠ ልጆቹ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳሉ። ከአዲስ ከተማ ተነሥተው የጭነት መኪና በሚተላለፍበት አውራ ጎዳና ያቋርጣሉ፤ በመብራት የቆመ መኪና መስኮት ሥር ሁለት ቃል ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። አውራጁ ጠፋ፤ ምርቃቱም አጠረ፤ ሹፌሩ የማንን ልጅ እንደሚያይ አያውቅም። አንዳንዶቹንም ከኋላ ሆኖ የሚልክ፣ ማታም ገንዘቡን የሚቀበል ትልቅ ሰው አለ። ይህ ሆያ ሆዬ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ልጅን ማሠራት ነው።

ሁለተኛው አደጋ እሳት ነው። በአሜሪካ በ1940ዎቹ የከብት ጠባቂ መስለው ለመጫወት ፀጕራም የሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የለበሱ ልጆች እሳት እየያዛቸው ስለ ተጐዱ፣ በ1953 ቶሎ የሚቃጠል ጨርቅ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የእኛ አባቶች ልጆች በችቦ አጠገብ ሲጫወቱ የሚለብሱት ከጥጥ የተሠራ ቁምጣና ጋቢ ነበር፤ ጥጥም ቢሆን ይነዳል፤ ነገር ግን ናይሎን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል፤ ከገላ ላይ ማላቀቅም አስቸጋሪ ነው። ዛሬ በመርካቶ ለልጆች የሚሸጠው ርካሽ ልብስና የፕላስቲክ የዝናብ ካፖርት የሚበዛው እንዲህ ያለው ነው። የጅራፉንም ቦታ ርችት እየወሰደው ነው፤ ጅራፍ ሲያመልጥ ጆሮ ይገርፋል፤ ርችት ግን ጣትና ዓይን ይወስዳል። መርካቶ እሳት የሚቀለድበት ሠፈር አይደለም፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የስንት ነጋዴ ሀብት በአንድ ሌሊት እንዳጠፋ ያየን ሰዎች እናውቀዋለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጨዋታው ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። ልጅ የጎረቤቱን ደጅ ካላወቀ ጎረቤቱም ልጁን አያውቀውም፤ በክፉ ቀን ልጁ የሚሮጥበት ደጅ አይኖረውም። ለጠየቀኝ ሰው የመለስሁለትም ይህንኑ ነው፤ ጭምብሉ ለሰይጣን መሆኑን አላውቅም፤ ግን ልጅህ ለብሶት ወዴት ይሄዳል? ማን ያውቀዋል? ዓይኑንስ አይጋርደውም? ጭምብል ያደረገ ልጅ ግራና ቀኝ ማየት ስለማይችል አሜሪካኖች ራሳቸው ፊትን በቀለም መቀባት ይሻላል፣ ነጭ ልብስና የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ አድርጉለት፣ ከታላቅ ሰው ጋር ይሂድ፣ ወደማያውቀው ቤት ውስጥ አይግባ ይላሉ። በሚያስደንቅ ሁኔታ ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ በሆያ ሆዬ ሥርዐት ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ነጩ ጋቢ፣ ከረጢት ያዡ ታላቅ ልጅ፣ ከደጃፍ አለማለፍ።

በምኖርበት ሠፈር ያለው ዕድር ባለፈው ዓመት በሐምሌ ስብሰባው ይህን ጉዳይ ተነጋገረበት። ዕድር የሞተ ሰው ለመቅበር እንጂ ልጅ ለማጫወት አልተቋቋመም ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ በመጨረሻ ግን አንዲት እናት «ድንኳኑን ለልጄ ከመትከላችሁ በፊት ሁለት ሰው ብትመድቡለት ይቀላል» ቢሉ ክርክሩ ቆመ። ለየቡድኑ ሁለት ሁለት ታላላቅ ሰዎች ተመደቡ። ልጆቹ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ብቻ እንዲዞሩ፣ አስፋልቱን እንዳይሻገሩ፣ ገንዘብ የሚሰጥ ቢኖር በዕድሩ ጸሓፊ እጅ ተሰብስቦ ለሁሉም ደብተር እንዲገዛበት ተወሰነ። ሙልሙሉን ሦስት ቤቶች ጋገሩት፤ የተረፈው ከዳቦ ቤት ተገዛ። ችቦን በሚመለከት ልጆቹ በባትሪ መብራት ተኩት ቢባሉ እንቢ አሉ። አውራጃቸው፣ የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ቡሄ ያለ ችቦ እንደማይሆን ለሽማግሌዎቹ አስረዳ። ስለዚህ አንድ ችቦ ብቻ፣ ውኃ የተሞላ ሁለት ባልዲ አጠገቡ ተቀምጦ፣ በሜዳው መካከል በዕድሩ ዳኛ እጅ እንዲለኰስ ተስማሙ።